አንቀጽ 4

ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ በተደጋገፈበት ሰፈር፣ ጋሽ ወንድሙ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲጽፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። አቤቱታ ያለበት፣ ለውኃ ክፍል ማመልከቻ የሚያስገባ፣ ለቀበሌ ደብዳቤ የሚያጽፍ ሁሉ የእሳቸውን በር ያንኳኳል። እሳቸውም መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ካርቦን ወረቀቱን በየገጹ መሀል አስገብተው፣ ቀስ ብለው ይጀምራሉ። ጋሽ ወንድሙ የጻፉት ወረቀት ተመልሶ አይመጣም ይባል ነበር።

የሚኖሩበት ቤት የቀበሌ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራዩ ከ100 ብር በላይ የሆነው ቤት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር፣ ከዚያ በታች የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ። የጋሽ ወንድሙ ቤት ከዚያ በታች፣ እጅግም በታች ነበር፤ በወር 9 ብር ከ50። በየወሩ ይከፍላሉ፤ ደረሰኙን በሽቦ ይሰኩታል። እንዲያም ሆኖ እሳቸውም ሆኑ ጎረቤቶቻቸው «ቤቴ» እንጂ «የተከራየሁት ቤት» ሲሉ ተሰምተው አያውቁም።

ከግቢው ጥግ፣ አጥሩን ተደግፋ የተሠራች አንዲት የጭቃ ክፍል ነበረች። እሷን በወር 80 ብር ለአስካለ አከራዩዋት። አስካለ ከወሎ የመጣች ናት፤ እንጀራ እየጋገረች ለየቤቱ ታደርሳለች፤ ባሏ መርካቶ ኩንታል ይሸከማል። ከምጣዷ የሚወጣው ጭስ የጋሽ ወንድሙን የተሰጣ ልብስ ቢያጠቁርም፣ ትኩሱ እንጀራ ጠዋት ጠዋት በነጻ ስለሚደርሳቸው ነገሩን አላነሱትም።

በ1994 ዓ.ም. አንድ እሑድ አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች።

«ጋሼ፣ እድር መግባት ፈልጌ ነበር።»

«እድር?»

«ጡሩምባው በተነፋ ቁጥር ውኃ እቀዳለሁ፣ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ሥራውን ከሠራሁ ላይቀር ወርሃዊውንም ልክፈል ብዬ ነው።»

ጋሽ ወንድሙ የእድሩ ጸሐፊ ነበሩ። ጉዳዩን ለጉባኤው አቀረቡ። ጉባኤው ተከፈለ። አንዱ «ለቅሶ ላይ ከእኛ እኩል የቆመ ሰው ይግባ» አለ። ሌላው «ተከራይ ነገ ሲለቅ ብረት ድስቱን ይዞ ቢጠፋ ማንን እንጠይቃለን?» ብሎ ተነሣ። ጭቅጭቁ ሲበዛ ዳኛው እጃቸውን አነሱ። «እንግዲህ ደንባችን ራሱ አርጅቷል። ጸሐፊያችን አዲስ ደንብ አርቅቀው ያምጡ፤ ያመጡትን እናጸድቃለን» አሉ። ጉባኤው በጭብጨባ ተስማማ።

በዚያ ሌሊት ጋሽ ወንድሙ ሁለት ወረቀት ጻፉ። በአንደኛው ላይ «ወርሃዊ መዋጮውን የከፈለ የሰፈሩ ነዋሪ ሁሉ አባል ነው» ይላል። አጭር ነው፤ ለመጻፍም ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከዚያ አሰቡ። እድር የገባ ሰው ነገ ቀበሌ ሄዶ «እዚህ ነዋሪ ነኝ» ቢል የእድር ደብተሩ ምስክር ይሆነዋል። ምስክር ያገኘ ሰው ክፍሏን የራሴ ናት ቢልስ? እንዲህ ብለው ሁለተኛውን ወረቀት ሳቡ። ይኼኛው ብዙ አለፋቸው፤ ሠረዙ፣ ደለዙ፣ አሳመሩ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉ ኩራዙን ሊያጠፉ መጥተው ሁለቱን ወረቀት አዩ። «የቱን ልታነብላቸው ነው?» አሉ።

«በደንብ የተጻፈውን» አሉ ጋሽ ወንድሙ።

እውነትም በደንብ የተጻፈ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ቆመው አነበቡት፦ «አንቀጽ 4፤ እንደ ወፍ ሰፍሮ የሚነሣ ተከራይ፣ ሥር በሰደዱ ቤተሰቦች በቆመው በዚህ እድር አባል ሊሆን አይችልም።» ጉባኤው «ሥር በሰደዱ» የሚለው ላይ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ። አስካለ ትግባ ብሎ የተከራከረው ሰውዬ እንኳ ንባቡ ስላማረው አጨበጨበ።

የደንቡ ዝና ሰፈሩን አልፎ ሄደ። ከአብነት መጡ፣ ከኮልፌ መጡ፤ «የናንተን ደንብ ስጡን፣ የእድሩን ስም ብቻ ቀይረን እንሥራበት» አሉ። ጋሽ ወንድሙ አልነፈጉም። ካርቦን ወረቀት አንዴ ጠበቅ አድርገው ሲጽፉበት አራት ቅጂ ያወጣል።

በዚያው ክረምት የአስካለ ባል ሳል ጠንቶበት ሞተ።

ጡሩምባ አልተነፋም። የእድሩ ድንኳን በመጋዘን እንደተቆለፈ ቀረ፤ ቁልፉ ጋሽ ወንድሙ ኪስ ውስጥ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ለቅሶ ደረሱ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ፤ ሲነሱም በወረቀት የተጠቀለለ 10 ብር ለአስካለ እጇ ውስጥ ጨመሩላት። ስለ ድንኳኑ ግን አንዱ ሹክ ሲላቸው «ደንብ ነው እኮ፤ እኔ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ?» አሉ።

ዝናቡ እየከበደ ሲመጣ የሟች ጓደኞች ከመርካቶ የጭነት መኪና ሸራ ተሸክመው ደረሱ። አንዱን ጫፍ ከአጥሩ፣ አንዱን ከመብራት እንጨቱ አሰሩት። ሸራው ሥር የተቀመጡት ሁሉ የሰው ቤት ኗሪዎች ነበሩ፤ ተሸካሚዎች፣ ዘበኞች፣ ልብስ አጣቢዎች፣ ሰው ቤት ሠራተኞች። ወይዘሮ ሙሉ ሌሊቱን ንፍሮ ሲቀቅሉ አደሩ።

ሣልስቱ ሲያልፍ ሰዎቹ ወዲያው አልተበተኑም። «ይኼን ሸራ ከምንመልሰው ለምን አንገዛውም?» አለ አንድ ተሸካሚ። በወር 5 ብር ሊያዋጡ ተስማሙ። ደንብ የሚያረቅላቸው ሰው አልነበረም። ሰባተኛ ክፍል የምትማር ልጅ ባለ 32 ገጽ ደብተር አምጥታ አሰመረች፦ ስም፣ ያዋጣው፣ አድራሻ፣ ሲሞት ለማን ይነገር። ስድስት ወር ሳይሞላ የአድራሻው ዓምድ በስርዝ ድልዝ ጠቆረ። ቤት ኪራይ በጨመረ ቁጥር አንዱ ወደ ሳሪስ፣ አንዱ ወደ ቀራንዮ ይሄዳል። ስለዚህ ልጅቷ ሁለተኛውን ደብተር ስታሰምር አድራሻ የሚለውን ተወችው።

መጋዘንም አልነበራቸውም። ብረት ድስቱ አንዷ ጋ፣ ጀበናና ሲኒው ሌላዋ ጋ፣ ሸራው ዘበኛው ጋ ይቀመጣል። ቤት የለቀቀ ሰው ከእድሩ አይሰረዝም፤ የያዘውን ዕቃ ይዞ ይሄዳል፤ እዚያም የሚያገኛቸውን ተከራዮች ያስመዘግባል። ለለቅሶ የሚመጣ የታክሲ ከሣጥኑ ይታሰብለታል። በዚህ ዓይነት፣ አከራዮች ኪራይ በጨመሩ ቁጥር የአስካለ እድር እየሰፋ ሄደ።

በ2001 ዓ.ም. ግድም ሰፈሩ መልሶ ይለማል ተባለ። ሕዝቡ ቀበሌ አዳራሽ ተጠራ። ነገሩ በግልጽ ተነገረ፦ የግል ቤት ያለው ካሣና ምትክ ቦታ ያገኛል። የቀበሌ ቤት የያዘ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ሌላ ሰፈር የቀበሌ ቤት፣ ወይ ዕጣ ሳይጠብቅ ኮንዶሚኒየም፤ ሀያ በመቶውን አሁን ከፍሎ፣ ሰማንያውን ከባንክ ተበድሮ። ከኋላ አንዲት ሴት ተነሥታ «ተከራይስ?» አለች። ከመድረኩ «የቀበሌ ውል ያለው ሁሉ ይስተናገዳል» የሚል መልስ መጣ። ሴትየዋ ተቀመጠች።

መዝጋቢዎቹ ሜትርና ቀለም ይዘው መጡ። በየበሩ ቁጥር ጻፉ። ጋሽ ወንድሙ «የልማት ተነሺ» የሚል ወረቀት ተቀበሉ። ለአስካለ የሚሞላ ፎርም አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ምጣዷን ኩንታል በሚሸከሙት በባሏ ጓደኞች ጀርባ አስጭና ሄደች፤ የት እንደሄደች የጠየቃት የለም። ከወይዘሮ ሙሉ በቀር።

ባለሥሩ እድርም ተሰበሰበ፤ ለመጨረሻ ጊዜ። ማን ጀሞ፣ ማን ጎፋ፣ ማን ኮልፌ እንደሚደርሰው ታውቋል። ድንኳኑን ማን ይያዝ? ጀሞ የሚሄደው «እኛ ጋ ብዙ ሰው አለ» አለ፤ ጎፋ የሚሄደው «ገንዘቡ የሁላችንም ነው» አለ። ሲጨቃጨቁ ሰነበቱና ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ብረት ድስቱን ሸጠው ገንዘቡን ተከፋፈሉ። ጋሽ ወንድሙ የመጨረሻውን ቃለ ጉባኤ ጻፉ። በጣም ያማረ ቃለ ጉባኤ ነበር።

ኮንዶሚኒየሙ ጀሞ ደረሳቸው፤ ባለ ሁለት መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። ቅድመ ክፍያው ላይ የዕድሜ ቁጠባቸውና የወይዘሮ ሙሉ ወርቅ ሄደ። ሊፍት የለም። ውኃው ሌሊት ይመጣና ግፊት ሲያንሰው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደክሞ ይቀራል፤ ከዚያ በላይ ያለ ሰው ጀሪካን ይሸከማል። የወይዘሮ ሙሉ ጉልበት ታመመ። የባንኩ ዕዳ ግን ጉልበቱን አያመውም፤ በየወሩ ከጡረታው ቀድሞ ይደርሳል። ሸጠው እንዳይገላገሉ እስከ አምስት ዓመት መሸጥ አይቻልም። ማከራየት ግን ይቻላል። ስለዚህ አንድ ባንክ ቤት የሚሠራ ወጣትና ሚስቱ በ2,000 ብር ገቡበት፤ 800 ለባንክ ይሄዳል፤ ጋሽ ወንድሙ ፉሪ አካባቢ፣ ከአንድ ሰው ግቢ ጥግ፣ አጥሩን የተደገፈች ክፍል በ600 ብር ተከራዩ። ምድር ቤት ናት። ለጉልበት ትመቻለች።

ፉሪ እንደገቡ ጋሽ ወንድሙ የመጀመሪያ ሥራቸው እድር መጠየቅ ሆነ። የእድሩ ዳኛ ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጥቶ፣ ሻይ አስመጥቶ አስተናገዳቸው። «ደስ ይለን ነበር አባቴ፤ ግን ደንባችን አንዳንድ ነገር ይከለክለናል» ብሎ ከመሳቢያው ወረቀት አወጣ። ፎቶ ኮፒ የፎቶ ኮፒ ነበር፤ ፊደሉ ደብዝዟል። ዳኛው ጠጋ አድርጎ አነበበላቸው፦

«አንቀጽ 4፤ እንደ ወፍ ሰፍሮ የሚነሣ ተከራይ፣ ሥር በሰደዱ ቤተሰቦች በቆመው…»

ጋሽ ወንድሙ የቀረውን በቃላቸው ያውቁታል።

«ማን እንደጻፈው አናውቅም» አለ ዳኛው ወረቀቱን እያጠፈ። «ከልደታ የመጣ ነው ይላሉ። ብቻ የጻፈው አዋቂ ሰው ነው፤ አንዲት ቀዳዳ አልተወም።»

«በደንብ ተጽፏል» አሉ ጋሽ ወንድሙ።

ትንሽ ቆይተው ግን መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ናቸውና ቀዳዳ ፈለጉ። «እኔ እኮ የቤት ባለቤት ነኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አለኝ።»

«እንዲያውም ጥሩ! ታዲያ እድርዎ እዚያ ነዋ።»

ጀሞ ሄዱ። የጀሞው ሰብሳቢም ጨዋ ነበር። «የስንተኛ ብሎክ ነዎት?» አላቸው። ነገሩት። «እዚያ እኮ የሚኖሩት የባንክ ቤቱ ልጅና ሚስቱ ናቸው። እርስዎ የት ነው የሚያድሩት?» አላቸው። ፉሪ አሉ። «እንግዲህ ለቅሶ ሲሆን ቤትዎ አይቀመጥ፣ ድንኳን በርዎ ላይ አይተከል። የሚኖሩበት ቢገቡ ይሻላል» አላቸው። ጋሽ ወንድሙ ካርታቸውን አጣጥፈው ወደ ፉሪ ተመለሱ። በካርታው መሠረት ጀሞ ይኖራሉ፤ በአንቀጽ 4 መሠረት ፉሪ አይኖሩም።

ማታ ወይዘሮ ሙሉ ቡና አፈሉ።

«እንግዲህ ብንሞት ማን ነው የሚቀብረን?» አሉ ጋሽ ወንድሙ።

ወይዘሮ ሙሉ ሁለተኛውን ሲኒ እየሞሉ «ያንተን አላውቅም» አሉ። «እኔስ እድር አለኝ።»

«የምን እድር?»

«የነአስካለ።»

ጋሽ ወንድሙ ሲኒውን አስቀመጡ። «የተከራዮቹ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ያኔ ባሏ የሞተ ሰሞን ነዋ።»

«ያኔ እኮ ቤት ነበረን፤ እንዴት ብለው መዘገቡሽ?»

«የማን ተከራይ ነሽ አሉኝ። የቀበሌ አልኳቸው። ዋሸሁ?»

ጋሽ ወንድሙ መልስ አልነበራቸውም። ከአልጋው ሥር፣ በካርቶን ውስጥ፣ በሽቦ የተሰካው የዘመናት ደረሰኝ አለ። አንዱንም አልጣሉም። በእያንዳንዱ ላይ በቀበሌው ሒሳብ ሹም እጅ «የተከራይ ስም» ከሚለው ትይዩ የማን ስም እንዳለ ያውቃሉ።

እሑድ ሚስታቸውን ተከትለው ካራ ቆሬ ሄዱ። አስካለ አሁንም የሰው ግቢ ተከራይታ ነው የምትኖረው፤ ምጣዷ ግን ሦስት ሆኗል፤ የኤሌክትሪክ ናቸው። ከምትጋግረው ግማሹን በየጠዋቱ ልደታ ትልካለች። የድሮው ሰፈር ላይ ከቆሙት ሕንፃዎች ሥር፣ በጨረታ የተሸጡ ሱቆች አሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ እንጀራዋን ተቀብሎ በፕላስቲክ እያሸገ ይሸጣል። ሱቁ ያለበት ቦታ የድሮ ክፍሏ የነበረችበት ይሁን የጋሽ ወንድሙ ሳሎን፣ ለክታ አታውቅም።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ዕድሜያቸው የገፋ ተሸካሚዎች አሉ፤ ዘበኞች አሉ፤ ሸሚዝ የለበሱ፣ ክራቫት ያሰሩ ወጣቶችም አሉ። ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጦ ገንዘብ የሚቀበለው ልጅ ቀና ሲል ጋሽ ወንድሙን አየ።

«እንዴ፣ ጋሼ! ኪራዩን እኮ ሐሙስ አስገብቼልዎታለሁ።»

የጀሞው ተከራያቸው ነበር።

«ለኪራይ አይደለም ልጄ» አሉ ጋሽ ወንድሙ።

አስካለ ተነሥታ ተቀበለቻቸው፤ ወንበርም ሰጠቻቸው። ስለ ድሮው አንድ ቃል አላነሣችም። ጋሽ ወንድሙ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «እትዬ አስካለ፣ እድር መግባት ፈልጌ ነበር» አሉ። ከተከራዮቹ መካከል ይኼ ንግግር ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አልነበረም፤ ከሦስት ሰው በቀር።

«ደንቡን ላንብበው?» አሉ ጋሽ ወንድሙ።

«ደንብ የለንም። ደብተር ነው ያለን።»

ደብተሩን አምጥተው ከፈቱላቸው። የወይዘሮ ሙሉ ስም ከፊተኞቹ ገጾች ላይ ነው። ያዋጡት ተጽፏል። በመጨረሻው ዓምድ፣ «ሲሞት ለማን ይነገር» በሚለው ሥር፣ በሰባተኛ ክፍል ተማሪ እጅ እንዲህ ይላል፦ «ለባሏ ለአቶ ወንድሙ። እድርተኛ መሆኗን ስለማያውቁ ቀስ ተብሎ።»

ግቢው ሳቀ። ጋሽ ወንድሙም፣ ትንሽ ዘግይተው፣ ሳቁ።

«ታዲያ በሚስቴ በኩል አልገባሁም ማለት ነው?»

«እኛ ጋ በነፍስ ወከፍ ነው ጋሼ» አለች አስካለ። «አንዱ ዘበኛ ነው፣ የሰው በር ላይ ያድራል። ሚስቱ ሰው ቤት ትሠራለች፣ እዚያው ታድራለች። በቤት ከቆጠርን ማንን እናገኛለን?»

ገንዘብ ያዡ ልጅ እስክሪብቶውን አነሣ። ስማቸውን ሳይጠይቅ ጻፈ። መዋጮውን ጻፈ። «ሲሞቱ ለማን ይነገር?» አለ።

«ለሙሉ።»

«እሳቸው ከቀደሙስ?»

ጋሽ ወንድሙ አሰቡ። ልጅ የላቸውም። የልደታ ጎረቤቶቻቸውን አንድ በአንድ በልባቸው ቆጠሩ፤ ማን የት እንደገባ የሚያውቁት ጥቂቱን ነው፤ ስልኩን የያዙለት ግን የለም። ዞር ዞር ብለው ግቢውን አዩ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ጻፊው ቀሰሩ።

«ለዚህ ልጅ።»

ልጁ የራሱን ስም በአከራዩ ስም ትይዩ ጻፈ፤ ደብተሩንም ለአስካለ አቀበላት። አስካለ አይታ መለሰችና «አንድ ነገር ግን አለ ጋሼ፤ አስቀድሜ ልንገርዎ። አዲስ የገባ ሰው ሦስት ወር ሳይሞላው እድሩ አይቀብረውም። ለማንም ሰው አንሰብረውም» አለች።

«ይኼኛው አንቀጽ ስንት ነው?» አሉ ጋሽ ወንድሙ መነጽራቸውን እያወለቁ።

«ቁጥር እንኳ የለውም። ብቻ እስከ ጥቅምት ድረስ አደራ፣ እንዳይሞቱብን።»